ከዋጃ የመጣው የዓሣ ገንዳ

ቆቦ ውስጥ ሸረፈዲንን የማያውቅ ወንድ ካለ፣ ወይ ፀጉሩን ቤቱ የሚላጭ ነው፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው። ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፀጉር አስተካክሏል። እኔም ከተማሪነቴ ጀምሮ ራሴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። እጁ ቀላል ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል። ቶንዶሱ ራስህ ላይ ሲዞር እሱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ትናንት ስለተጣሉት ጎረቤቶች ያወራልሃል። ጥያቄም ይጠይቅሃል፤ አንተ አፍህን ሳትከፍት ግን መልሱን ራሱ ይመልሰዋል።

ሚስቱ ዘሊካ ደግሞ በወሬ እሱን ታስከነዳዋለች ይባል ነበር። እህል በረንዳ ማሽላ ትነግድ ነበር። ዓይኗን ጨፍና አንድ እፍኝ ብታፍስ፣ ዘሩ ጂጉርቲ ይሁን ደጋሊት፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና ለይታ ትነግርሃለች። ከእሷ ጋር ዋጋ የተከራከረ ሰው ተሸንፎም ቢሆን እየሳቀ ነው የሚሄደው። ሸረፈዲን ራሱ፣ "እኔ ሱቅ ውስጥ እንዲህ የማወራው ቤት ተራ ስለማይደርሰኝ ነው" ይል ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ዘሊካ ሻሿን ልታስር ቀኝ እጇን አነሳች፤ እጇ አልታዘዛትም። ባሏን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሷ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ፤ ከወራት በኋላም በሰው ትከሻ ተደግፋ መራመድ ጀመረች። ቀኝ እጇና ምላሷ ግን እንደተያዙ ቀሩ። የምትሰማውን ሁሉ ትረዳለች፤ መልስ ስትፈልግ ግን "እ... እ..." ከማለት ሌላ አልሆነላትም። መጀመሪያ ላይ ትታገል ነበር። ቆይታ ታከታት መሰለኝ፣ ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር አመጣች። እህል በረንዳ ያሉ ጓደኞቿም ሲመጡ ፊቷን ስታዞርባቸው ጊዜ፣ እየከበዳቸው ሄዶ እግራቸውን አሳጠሩ።

ሸረፈዲን በወር አንድ ጊዜ ደሴ ይወስዳት ነበር፣ እጇን ለሚያሠራላት ባለሙያ። እዚያ ክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። አንድ ቀን ከፊቱ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ ሸረፈዲን እንደ ልማዱ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይዞ ነበር። ድንገት ዞር ሲል ዘሊካ ግራ እጇን አንስታ፣ አንዱን ቀይ ዓሣ በመስታወቱ ላይ በጣቷ እየተከተለች አየ። ዓሣው ሲዞር ጣቷ ይዞራል። ዓሣው ድንጋይ ሥር ሲገባ ጣቷ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሲወጣ ደግሞ፣ ያልተያዘው የአፏ ወገን ፈገግ አለ።

"ወላሂ፣ ወሬዬ አፌ ላይ ደረቀ" ብሎኛል በኋላ ሲነግረኝ። "አንድ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ጥርሷን አየሁት።"

ለዘሊካም ለልጁም ምንም አልተናገረም። ሱቁ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ግን፣ "ያገለገለ የዓሣ ገንዳ የሚሸጥ ታውቃለህ?" ማለት ጀመረ። ሰዉ ይስቅበታል። ቆላ ለቆላ፣ ሰውም ከብትም ውኃ በሚቆጥብበት አገር፣ ዓሣ ሊያረባ ነው? በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ዋጃ ውስጥ ምግብ ቤቱን እየዘጋ ያለ ከበደ የሚባል ሰው እንዳለና ድሮ እንግዳ መቀበያው ላይ ዓሣ ያኖር እንደነበር ነገረው። ሸረፈዲን በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ዋጃ ወረደ።

ከበደ በዕድሜ የእሱ እኩያ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መንገዱ ተዘግቶ በቆየባቸው ጊዜያት እንግዳ ስለራቀው ቤቱ አላገገመም፤ ወንበሩንም ድስቱንም እየሸጠ ነበር። የዓሣ ገንዳው ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት፣ ግማሹ ሽንኩርት ተሞልቶ ተገኘ። አንድ ሜትር ከምናምን ይረዝማል፤ አንዱ ጥግ ላይ ሲሊኮኑ ጠቁሯል፤ መስታወቱ ግን ደህና ነው።

"ለምን ፈለግከው?" አለ ከበደ ሽንኩርቱን እያወጣ። "ለሱቅህ ነው?"

"ለሚስቴ ነው።" ሸረፈዲን ነገሩን ከደሴው ክሊኒክ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተረከለት።

ከበደ ሽንኩርቱን ትቶ ቆሞ ሰማው። ሲጨርስ ያሰበውን ዋጋ ቀነሰለት። ገብቶም አየር የምትነፋውን ትንሽ ሞተር ከነቱቦዋ፣ ማጣሪያውንና አንድ ጆንያ የታጠበ የወንዝ ጠጠር አምጥቶ ጨመረለት። "ይሄን በነፃ ውሰደው። ግን ስማኝ" አለና ማስረዳት ጀመረ፦ የቧንቧ ውኃ እንደተቀዳ ለዓሣ አይሆንም፣ በተከፈተ ዕቃ ማደር አለበት፤ ዓሦቹ ሲመጡም ከነላስቲካቸው ውኃው ላይ ይንሳፈፉና ቀስ እያሉ ይለማመዱ...

ሸረፈዲን ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ ሰውዬው አንድ ሲናገር እሱ ሦስት እየመለሰ፣ ምክሩን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

ገንዳው በአሮጌ ፍራሽ ተጠቅልሎ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጫነ። ሸረፈዲን የሦስት ሰው ሒሳብ ከፍሎ እንደ ሙሽራ አቅፎት ተቀመጠ። ከፊቱ የነበሩ አንዲት እናት ዞረው ፍራሹን ገለጥ አድርገው አዩ።

"ምነው ወንድሜ፣ ብስኩት ልትነግድ ነው?"

"አይ፣ ዓሣ ላኖርበት ነው፣ እትዬ።"

"ልትበላው?"

"ላየው።"

ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በእውነተኛ ሐዘን፣ "አላህ ያሽርህ" አሉት። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ረዳቱ እንኳ መልስ መስጠት ረስቶ ቆቦ ገቡ።

ቤት ሲደርስ ኑሀ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ኑሀ የእነ ሸረፈዲን ልጅ ናት፤ ወረዳው ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ እናቷን የምታጥባት፣ የምታጎርሳት እሷ ነች።

"አባ፣ እማን ማስታመም አንሶን ነው ደግሞ ዓሣ የምናስታምመው?"

"አንቺ ምንም አታደርጊም፣ እኔ ነኝ የምሠራው።"

"አንተ? ዶሮዎቹን ማን ነበር አሳድጋለሁ ያለው?"

የዶሮዎቹን ነገር ማንሳቷ ስላልጣመው አልፏት ገባ። አንድ ብየዳ ቤት ጠንካራ የብረት እግር አሠራና ገንዳውን ከዘሊካ አልጋ ትይዩ፣ ጋደም ብላም እንድታየው አድርጎ አስቀመጠው። ሰባት ጀሪካን ውኃ ሞላበት። ዘሊካ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው በጠቆረው ጥግ እየሰረገ ምንጣፉን አራሰው። ኑሀ መወልወያውን አቀበለችው።

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ የእጁ ሙያ የጠቀመው። ገንዳውን አድርቆ አዲስ ምላጭ አወጣና፣ አሮጌውን ሲሊኮን ልክ እንደ ሽማግሌ ጢም፣ መስታወቱን ሳይጭር ጥግ ጥጉን ላጨው። "ቀና በል ጋሼ... እንዲህ... አገጭህን ወደዚህ" እያለ ገንዳውን ሲያናግር፣ ከአልጋው ወገን ትንሽ ድምፅ ሰማ። ዘሊካ እየሳቀች ነበር። ከአሉሚኒየም ሠራተኞች በገዛው ሲሊኮን አዲስ ስፌት አወጣለት፤ እንዲደርቅ ሦስት ቀን ጠበቀው፤ እንደገና ሞላው። አንድ ጠብታ አልወጣም።

ወር ጠብቀው ደሴ ሲሄዱ ከአንድ ሻጭ ስምንት ቀያይ ዓሦች ገዙ። አየር ተሞልቶ የታሰረውን ላስቲክ ዘሊካ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በግራ እጇ ደግፋ፣ ወልድያን አልፈው፣ ሮቢትን አልፈው ቆቦ እስኪደርሱ አንዴም ለሰው አልሰጠችም። ዓሦቹ ንጹሕ ውኃ ይግቡ ብሎ ሸረፈዲን የቆየውን አፍስሶ በአዲስ የቧንቧ ውኃ ተካው። ቢስሚላህ ብሎም ዓሦቹን ከላስቲኩ ከነውኃቸው ገንዳው ውስጥ ገለበጣቸው።

በማግስቱ አምስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። በሦስተኛው ቀን አንድም አልቀረም። ሸረፈዲን የሞቱትን ዘሊካ ሳትነቃ ሊያወጣ ተነስቶ ነበር፤ ግን እሷ ቀድማው ነቅታለች። ትራሷ ርሷል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ያን ቀን ኑሀ ብትለምናትም እህል አልቀመሰችም።

እኔ በዚያው ሳምንት ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። ሸረፈዲን ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጨረሰኝ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። "ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው በመስታወቱ ውስጥ አየኝና፣ "ደስ ላሰኛት ብዬ ሐዘን አመጣሁባት" አለኝ። ገንዳውን ሊሸጠው አስቧል።

"ከመሸጥህ በፊት ያን የዋጃውን ሰው ለምን አትጠይቀውም?" አልኩት።

ሌላ ደንበኛ ስላልነበረ እዚያው ደወለለት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም እሰማለሁ።

"የስንት ቀን ውኃ ነው የሰጠሃቸው?" አለ ከበደ።

"የዚያኑ ቀን።"

"ነግሬህ አልነበር ሸረፈዲን? ክሎሪን አለበት እኮ! ደግሞም የደጋ ከተማ ዓሣ ወደ ቆቦ ሐሩር ወርዶ በአንዴ ምን ይሆናል ብለህ ነው?"

"ነግረኸኝ ነበር።"

"እና?"

"እያወራሁ ነበር።"

ከበደ ሳቀ። እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳው። በዚህ ጊዜ ሸረፈዲን የደንበኛ ዋጋ የሚጽፍበትን ካርቶን ገልብጦ፣ እርሳሱን ምራቅ እያስነካ ሁሉንም ጻፈ። ትንፍሽ አላለም።

ዓሣውን ያገኘለት ግን አለሙ የሚባል የሮቢት ገበሬ ነው። ጢሙን ሊላጭ መጥቶ የዓሦቹን ሞት ሲሰማ፣ "ደሴ ድረስ ምን አስኬደህ? ጎሊና ወንዝ አይደለም እንዴ ሞልቶ የሚርመሰመሰው?" አለው። "እኛ መስኖ ስንመልስ ከእግራችን ሥር ነው። ትናንሽ ናቸው፣ የሚበሉ አይደሉም። ሐሩሩንም ጭቃውንም እዚሁ የለመዱት ናቸው።"

እሑድ ዕለት ሁለቱ ወንዝ ወረዱ። አለሙ ውኃው ተቆርጦ ኩሬ የሠራበትን ቦታ ያውቃል። ሸረፈዲን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የሱቁን ነጭ መሸፈኛ ጨርቅ ከአለሙ ጋር በሁለት ወገን ይዞ ውኃው ውስጥ ሲጎትት፣ አንድ ሁለቴ በቂጡ ተቀምጧል። እኩለ ቀን ድረስ ለፍተው አሥራ ሁለት ዓሦች ያዙ። ከትንሽ ጣት አይበልጡም፤ መልካቸው የአቧራ ነው። በባልዲ፣ ከነወንዛቸው ውኃ፣ አራት ጀሪካን የወንዝ ውኃም ትርፍ ጭነው አመጧቸው። ቤት የቀረውም ውኃ ሲያድር ሰንብቷል። ሸረፈዲን ካርቶኑን አስደግፎ፣ እያነበበ፣ ውኃ በኩባያ እየቀላቀለ ሲያለማምዳቸው ዋለ።

ኑሀ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "አባ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት እነዚህን ለማየት ነው? የሽንብራ ገለባ ነው የሚመስሉት" አለች።

"አብሽሪ" ብሏት ካርቶኑን ማንበቡን ቀጠለ።

በማግስቱ አሥራ ሁለቱም ነበሩ። በሳምንቱም አሥራ ሁለቱም ነበሩ። ዘሊካ መጀመሪያ ላይ ፊቷን ወደ ገንዳው ለማዞር ፈራች፤ ዳግም ሞተው እንዳታይ ይመስለኛል። ቀን በቀን ግን ዓይኗ ተመለሰ። አቧራ የመሰሉት ዓሦች የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ሲመታቸው ጎናቸው ላይ እንደ ብር ክር የሚያበራ መስመር እንዳላቸው ያስተዋለችው እሷ ነች፤ የኑሀን እጅ ጎትታ አሳየቻት። ጅራቱ የተቀደደ አንድ ጉልበተኛ አለ፤ ሌሎቹን ከምግብ ሲያባርር ስታይ በግራ እጇ መስታወቱን ትቆጣዋለች። ጋደም ብላ ማየቱ አልበቃ ሲላት ተቀምጣ ማየት ጀመረች። ከዚያም ወንበር አስጠግታ።

መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል። ያን ጊዜ ሸረፈዲን ወይም ኑሀ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፣ አየር እንዲያገኝ። የግንቦት ሐሩር ሲመጣ ደግሞ ከጎረቤት ለስላሳ መሸጫ የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ እየለመኑ ገንዳው ላይ ያንሳፍፋሉ። በዚህ መሐል "እኔ ዓሣ አላስታምምም" ያለችው ኑሀ፣ ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ ገንዳውን ማየት ለመደች።

የደሴው ባለሙያ ለዘሊካ የሰጣት የቤት ሥራ፣ ትንሽ ነገር በቀኝ እጇ በሁለት ጣት ቆንጥራ እንድታነሳ ነበር። ባቄላ ቢሰጧት፣ ቁልፍ ቢሰጧት ትሰለቻለች፤ ትወረውረዋለች። ሸረፈዲን የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል አድርቆ ፈረፈረና ሳህኑን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት። የያዘችው ከጣቷ እየሾለከ ምንጣፍ ላይ ሲፈስ ከረመ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን አንዲት ፍርፋሪ ከጣቷ ወደ ውኃው ወረደች፤ ጅራተ ቀዳዳውም ቀድሞ ደርሶ ዋጣት።

ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ዓርብ ነው። ሸረፈዲን ከጁምዓ ተመልሶ ዓሦቹን እያበላ፣ መስጊድ ያገኘውን ሰው ወሬ ለዘሊካ ይነግራታል። ወሬው ሲጥመው እጁን ረሳው። ካርቶኑ ላይ "ምግብ እንዳይበዛ፣ ውኃው ይበላሻል" ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል፤ ግን ይጨምራል፣ ይጨምራል።

"በቃ!"

ሸረፈዲን ዞሮ በሩን አየ፤ ሰው የገባ መስሎት ነው። ማንም የለም። ዘሊካ ወንበሯ ላይ ሆና ዓይኗን አፍጥጣበታለች።

"ምን አልሽ?"

ሳህኑን በዓይኗ አሳየችው። እሱም ደግማ እንድትናገር ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ሌላ ቁንጣሪ አንስቶ ውኃው ላይ በተነ።

"በቃ! አንተ...! በቃ!"

ሸረፈዲን ሳህኑን አስቀምጦ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠና ጉልበቷን ይዞ አለቀሰ። "ያረቢ፣ ሦስት ቃል! ሦስት ቃል ሰደበችኝ!" እያለ ይስቃልም። ዘሊካ በግራ እጇ ኮፍያውን አስተካከለችለት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሞላ ማለቴ አይደለም። ቃሎቿ አንድ አንድ እያሉ ነው የተመለሱት፤ ብዙዎቹም ገና አልመጡም። እህል በረንዳ አልተመለሰችም። ግን ወሬው ገበያ ሲደርስ የድሮ ጓደኞቿ ዓሦቹን እናያለን እያሉ መምጣት ጀመሩ። እነሱ ዓሦቹን እያዩ ሲያወሩ ዘሊካ ፊቷን አታዞርም፤ የሚያወሩት ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ዓሦቹ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አልከበዳትም። አንዷ ጓደኛዋ ጀዊሪያ አንዳንዴ የማሽላ ናሙና በሻሽ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለች። ዘሊካ በግራ እጇ ዳብሳ "አምና" ወይም "ዘንድሮ" ትላታለች፤ ገና አልሳተችም።

ባለፈው መስከረም እኔ ሸረፈዲን ወንበር ላይ ነበርኩ። የራሴን አንድ ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ስልኩ ጠራ። አየውና ፊቱ ተለወጠ፤ የዘሊካ ቁጥር ነው። ከታመመች ወዲህ ስልክ ደውላ አታውቅም።

"ዘሊ? ምን ሆንሽ? ዘሊ!"

"ና" አለች። "ና... ልጆች... ና።"

ቶንዶሱን ሳያጠፋ ጥሎ ወጣ። የሆነ ነገር የደረሰባት መስሎኝ እኔም ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ፣ በአስፋልቱ ላይ ተከትዬው ሮጥኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ምን እንዳሉን አላውቅም፤ ብዙ ነገር ብለዋል።

ስንደርስ ዘሊካ ከገንዳው ፊት ለፊት ቆማለች። ምንም አልተደገፈችም። አፏ ላይ ጣቷን አድርጋ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠችን፤ ሸረፈዲን ደግሞ እያለከለከ ሊጠይቃት ነበር። አጠጋችንና ጠጠሩ ውስጥ፣ ከማጣሪያው ጀርባ ያለውን ጥላ አሳየችን። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ትንሽ ቆይቼ ግን ውኃው ውስጥ የተበጠሰ ክር የሚመስሉ፣ ዓይን ብቻ ያላቸው ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። አሥር ይሆናሉ፤ ሃያም ይሆናሉ።

"ወለዱ" አለች ዘሊካ፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ፣ ሙሉውን።

ሸረፈዲን ከበደ ጋ ደውሎ ነገረው። ከበደ አላመነም፤ በዚያ ገንዳ ውስጥ ስምንት ዓመት ዓሣ ሲያኖር አንድም ወልዶለት አያውቅምና ነገ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አለ። ዘሊካ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። እኔም ጨርቁን ሳልፈታ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሸረፈዲን ፀጉሬን ሊጨርስልኝ ሲጠራኝ፣ ዘሊካ ሳትዞር፣ "ቆይ" አለችው።